አዲሱ ላፕቶፕህ ሲንቀራፈፍ

ልጄ፣ በስንት ቁጠባና ጥበቃ ያገኘኸው ላፕቶፕ ገና ከካርቶኑ እንደወጣ ሲጎተትብህ እንደምታዝን አውቃለሁ። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ለብዙ ቤተሰብ የወራት ደመወዝ ነው። ንዴትህን አልነቅፍም። የምነቅፈው ከንዴቱ በኋላ የምታደርገውን ነው፤ ያገኘኸውን ሁሉ ትነካለህ፣ ጓደኛህ ያለህን ሁሉ ትጭናለህ፣ በመጨረሻ ምን እንደነካህ ራስህም አታውቀውም። እኔ ኮምፒውተር ስጠግን ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው ነኝ። "አዲስ ነው ግን ቀርፋፋ ነው" ተብለው ከሚመጡልኝ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሳይፈቱ፣ ዕቃም ሳይገዛላቸው ተስተካክለው ይሄዳሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም መገዛት ያልነበረባቸው ናቸው። አንተን የገጠመህ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚከተለውን በተራው አንብብ፤ አትዝለል። የምናገረው ዊንዶውስ ስላለባቸው ላፕቶፖች ነው።

1. ችግሩን ለይተህ ተናገር። "ቀርፋፋ ነው" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። መቼ ነው የሚንቀራፈፈው? ከተነሳ ጀምሮ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ከሆነ፣ ነገሩ ያለው ዲስኩ ላይ ወይም አብረው በሚነሱት ፕሮግራሞች ላይ ነው። በደንብ ጀምሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚደክም ከሆነ ሙቀትን ጠርጥር። ብዙ ታብ ስትከፍት ብቻ ከሆነ ራሙን፣ ከሶኬት ስትነቅለው ብቻ ከሆነ ኃይሉን እይ። ድረ ገጽ ስትከፍት ብቻ ከሆነ ላፕቶፑ ከነጭራሹ ጥፋት የለበት ይሆናል። ይህን በወረቀት ጻፈው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ በሽታውን ያላወቀ ደግሞ ያገኘውን መድኃኒት ሁሉ ይውጣል።

2. በመጀመሪያው ቀን አትፍረድበት። አዲስ ላፕቶፕ ኢንተርኔት ባገኘ ሰዓት አንተ የማታየው ብዙ ሥራ ይጀምራል። ዊንዶውስ፣ ላፕቶፑ በመጋዘን በቆየባቸው ወራት የተጠራቀመውን አፕዴት ያወርዳል፣ ፋብሪካው የጫናቸው ፕሮግራሞች ራሳቸውን ያድሳሉ፣ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነው ዊንዶውስ ዲፌንደር ዲስኩን ይፈትሻል፣ ፍለጋ እንዲፈጥንልህም ፋይሎችህ አንድ በአንድ ይመዘገባሉ። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ሲሆን ጥሩ የሚባለው ማሽንም ይንገዳገዳል። ቻርጀሩን ሰካ፣ ዋይፋይ አገናኘው፣ እንዳይተኛ አድርገህ ክዳኑን ሳትዘጋ አሳድረው። ሪስታርት በጠየቀህ ቁጥር እሺ በለው፤ ዊንዶውስ አፕዴት የቀረ ነገር የለም እስኪልህ ድረስም ደጋግመህ ጠይቀው። የብዙዎቻችሁ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በስልክ ሆትስፖት ታገናኙታላችሁ፣ ጥቅሉ በመሀል ያልቃል፣ አፕዴቱ በእንጥልጥል ይቀራል፣ በማግስቱ ደግሞ ካቆመበት ሊቀጥል ይታገላል። በዚህ ሁኔታ ወር የሚሞላው ላፕቶፕ አለ። አንድ ቀን ጥሩ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት ወስደህ ጨርሰው። ከዚያ ወዲያ በስልክህ ስትጠቀም ያንን ግንኙነት ከሴቲንግ "ሜተርድ ኮኔክሽን" ብለህ ሰይመው፤ ዊንዶውስ ትልልቁን አፕዴት በአብዛኛው ያቆየዋል፣ ጥቅልህም ይተርፋል።

3. ከመንካትህ በፊት እይ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዷን ብቻ ነው የምይዘው ብትለኝ ይህችን ያዝ እልሃለሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት ስትጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክና ኔትወርክ የሚሉ አምዶች አሉ። ላፕቶፑ በተንቀራፈፈበት ሰዓት፣ በዚያው ቅጽበት ክፈተውና የትኛው እንደሞላ ተመልከት። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰክቶ ሲፒዩው 10 ላይ ከተቀመጠ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ፕሮሰሰር ማማረር ከንቱ ነው። ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ወጥቶ ካልወረደ ራም አጥሮሃል። ሲፒዩው 100 ላይ ከቆመ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ጠቅልሎ ይዞታል ማለት ነው፤ የአምዱን ስም ብትጫን አብዝቶ የሚበላው ወደ ላይ ይመጣልሃል። ስሙን ጻፍ። "አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሲኪውተብል" የሚል ካየህ ዲፌንደር እየፈተሸ ነውና ይጨርስ። "ሰርች ኢንዴክሰር" ካየህም ታገሠው። የማታውቀውን ስም ሁሉ "ኢንድ ታስክ" እያልክ አትግደል፤ የዊንዶውስ የራሱ አካል ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 11 ምንም ሳትከፍት 3 ጊጋ ገደማ ራም ቢይዝ የተለመደ ነውና አትደንግጥ። አራቱም አምዶች ዝቅ ብለው ላፕቶፑ ግን የሚጎተት ከሆነ፣ ያም ራሱ መልስ ነው፤ ኃይልንና ሙቀትን ወደምናነሳበት ወደ 8ኛውና 9ኛው ሂድ።

4. አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ከዚያ ፈትን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስድስት ነገር ባንድ ማታ ለውጠህ ላፕቶፑ ቢሻለው የትኛው እንዳሻለው አታውቅም፤ ቢብስበትም የትኛውን እንደምትመልስ አታውቅም። ስልክህ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አለ። ማብሪያውን ከተጫንክበት እስከ ዴስክቶፑ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ፣ ክሮም ወይም ወርድ ለመከፈት ስንት እንደሚፈጅ ለክተህ ጻፍ። ከዚያ አንዷን ለውጥና እንደገና ለካ። ዓይን ያታልላል፤ ለውጥ ያደረገ ሰው ለውጥ ማየት ይፈልጋልና።

5. ሪስታርትና ሻት ዳውን አንድ አይደሉም። "ማታ ማታ አጠፋዋለሁ" ትለኛለህ። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣ ወዲህ፣ ሻት ዳውን ስትለው የዊንዶውሱን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ጠዋት ያንኑ መልሶ ያነሳዋል። ቶሎ እንዲነሳ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ግን ትናንት የተበላሸው ነገር ዛሬም አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ስትል ነው ሁሉም ከመሠረቱ የሚጀምረው። ካላመንከኝ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈትና ሲፒዩ ሥር "አፕ ታይም" የሚለውን አንብብ፤ በየማታው የምታጠፋው ላፕቶፕ ስንትና ስንት ቀን ሳይጠፋ እንደከረመ ይነግርሃል። በሳምንት አንዴ፣ ደግሞም ከማንኛውም አፕዴት በኋላ፣ ሪስታርት አድርገው።

6. አብረው የሚነሱትን ቀንስ። የምትጭነው ፕሮግራም ሁሉ ላፕቶፑ ሲነሳ አብሬ ልነሳ ይላል። ቴሌግራም፣ ቲምስ፣ የሙዚቃው፣ የጨዋታው፣ የፕሪንተሩ፣ ፋብሪካው ራሱ የጫነው፣ ሁሉም። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ አፕስ በሚለው ሥር ዝርዝራቸው አለ፤ አጠገባቸው ምን ያህል እንደሚያዘገዩ ተጽፏል። "ሃይ" የሚለውን ተመልክተህ በየቀኑ የማያስፈልግህን ዲሴብል አድርግ። ዲሴብል ማድረግ ማጥፋት አይደለም፤ ስትፈልገው ራስህ ትከፍተዋለህ። የድምፁን፣ የመዳሰሻውንና የዲፌንደሩን አትንካ። ኪማን ወይም ፓወር ግዕዝ ካለህም ተወው፤ በአማርኛ ልትጽፍ ስትቀመጥ ትፈልገዋለህ። ፋብሪካው ከጫናቸው መካከል ከናካቴው የማትጠቀምባቸውን ደግሞ ከሴቲንግ፣ አፕስ ገብተህ አንሳቸው።

7. አንድ አንቲቫይረስ ይበቃሃል። ሁለት ባላ ትከል የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም "እኔ ልፈትሽ" እያሉ እንደ ሁለት ዘበኛ በር ላይ ይጋፋሉ፣ አንተም ደጅ ቆመህ ትጠብቃለህ። ብዙ አዲስ ላፕቶፖች ለጥቂት ጊዜ በነፃ የሚሠራ አንቲቫይረስ ተጭኖባቸው ይመጣሉ፤ ጓደኛህ ደግሞ ሌላ ይጨምርልሃል። ገንዘብ ከፍለህ የማትቀጥልበትን አንሳና ሪስታርት አድርግ፤ ዲፌንደር ራሱ ሥራውን ይረከባል። አፕዴት እስካገኘ ድረስ ለተማሪና ለቢሮ ሠራተኛ የሚያንስ አይደለም። እዚህ አገር የማየው አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው በፍላሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የዋለ ፍላሽ ፎልደሮችህን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጥ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ከመክፈትህ በፊት በቀኝ ክሊክ አስፈትሸው።

8. ኃይሉን መርምር። ዊንዶውስ ባትሪ እንዲቆይ ሲል ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር ኤንድ ባተሪ ግባና ፓወር ሞድ የሚለውን እይ፤ በቁጠባ ላይ ካገኘኸው ቻርጀር ላይ ሳለህ ወደ "ቤስት ፐርፎርማንስ" አምጣው። ባትሪ ላይ ስትሆን "ባላንስድ" ይበቃል። ፋብሪካዎች ደግሞ በላዩ ላይ የራሳቸውን መቆጣጠሪያ ይጭናሉ፤ እዚያ ውስጥ ፋኑ ድምፅ እንዳያሰማ ተብሎ ላፕቶፑ ታስሮ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ቻርጀሩ ስማኝ፤ ይህን የሚጠረጥር ሰው ትንሽ ነውና። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ 65 ዋት የሚፈልግ ሆኖ ሳለ የስልክ ቻርጀር ብትሰካበት ይቀበልሃል፤ ነገር ግን እየተራበ ይሠራል። ዊንዶውስ ቻርጀሩ ቀርፋፋ ነው ብሎ ሲያስጠነቅቅህ ማስታወቂያውን ዘግተህ አትለፍ። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ የራሳቸው ያልሆነ ቻርጀር ሲሰካባቸው ፍጥነታቸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ። ከአሜሪካ የተላከልህ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ የእኛን 220 ይችለዋል፤ የሚለየው ሹካው ብቻ ነው። ለሹካው ግን የላላ ማገናኛ አትግዛ። ሲነካካ መሙላቱን ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ላፕቶፑም በየደቂቃው ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት ሲሄድም እንዲሁ ነው፤ ገመዱ ስለተሰካ ቻርጀር ላይ ያለህ ይመስልሃል፣ ላፕቶፑ ግን ወደ ባትሪ ቁጠባ ገብቷል። የባትሪውን ምልክት ማየት ልመድ።

9. ትንፋሹን አትዝጋበት። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ከሆዳቸው ሥር አየር ስበው በጎን ወይም በኋላ ያስወጣሉ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ትራስ ላይ ስታስቀምጠው መሳቢያው ይደፈናል። የፕሮሰሰሩ ሙቀት 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ አንተ ስታክ አደረገ የምትለው ይህንን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞር ከባሕር ዳርቻ ይልቅ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ቅዝቃዜው ይረዳናል እንጂ ከፍታው አይረዳንም። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያለህ ልጅ ደግሞ ችግርህ ሌላ ነው፤ የሚገባው አየር ራሱ ትኩስ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ከኋላ በኩል በትንሽ መጽሐፍ ከፍ አድርገው፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ አቧራ ገና ምክንያት አይሆንም፤ አቧራ ካገኘህበት ግን ወደ 12ኛው ሂድና አዲስነቱን ጠይቅ።

10. ራሙን ከሥራህ ጋር አስተያይ። ዊንዶውስ 11 በ4 ጊጋ ይነሳል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ዝቅተኛው ልክ ብሎ ያስቀመጠው እሱን ነው። መነሳት ግን መሥራት አይደለም። 4 ጊጋ ባለው ላይ ወርድና ጥቂት ታብ ስትከፍት ይሞላል። ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እየጻፈ መልሶ እያነበበ ይሠራል፤ ዲስክ ደግሞ ምን ቢፈጥን ራምን አያህልም። ለጽሑፍ፣ ለጥናትና ለቪዲዮ ስብሰባ 8 ጊጋ በጥንቃቄ ይበቃል። ለቪዲዮ ቅንብር፣ ለሥዕልና ለፕሮግራሚንግ 16 ያስፈልግሃል፤ ከዚያ በታች ብትሞክር ማሽኑን ሳይሆን ራስህን ነው የምታደክመው። የራሱ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለስክሪኑ የሚያስፈልገውን ከዚያው ራም ላይ እንደሚቆርጥም እወቅ።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ልማድህን አርም። ሠላሳ ታብ ከፍተህ "በኋላ አነበዋለሁ" ማለት ተው፤ አታነበውም። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር ሜሞሪ ሴቨር አለ፤ አብራው። ይህም ካልበቃ ራም ጨምር፤ ግን ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ ሥር "ስሎትስ ዩዝድ" የሚለውን መጀመሪያ አንብብ። "1 ኦፍ 2" ካለ ባዶ ቦታ አለህ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ራም መጨመሩ ልኩን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱንም ያሻሽለዋል። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ስስ በሚባሉት ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ከቶ የማይጨመርበት አለ። ሞዴሉን ሳታጣራ ራም ገዝተህ አትምጣ።

11. ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቅ። ታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ ላይ ዲስኩን ስትጫን ኤችዲዲ ወይም ኤስኤስዲ ብሎ ይነግርሃል። ኤችዲዲ የሚሽከረከር ሰሌዳና የሚንቀሳቀስ ክንድ ያለው የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ነው፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነብባል። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ተራው ኤስኤስዲ 550 ይደርሳል፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ኤስኤስዲ ከ3,000 ሊያልፍ ይችላል። ዊንዶውስ ግን ሲነሳ የሚያነበው በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ነው፤ ክንዱ ለእያንዳንዷ ቦታ መቀየር አለበት። ስለዚህ በሥራ ላይ ልዩነቱ ቁጥሩ ከሚያሳየውም ይሰፋል። "1 ቴራ አለው" ተብሎ የተሸጠልህ ኤችዲዲ ሆኖ ከተገኘ በኤስኤስዲ ለውጠው። ለላፕቶፕ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ የሚክስ የለም። ሁለቱም ያሉበት ላፕቶፕ ካለህ ደግሞ ዊንዶውሱ በኤስኤስዲው ላይ መሆኑን አረጋግጥ፤ በተቃራኒው ጭነው የሚሸጡ አሉ።

ርካሾቹ ላይ ኢኤምኤምሲ የሚባል 64 ጊጋ ማከማቻ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ይመጣል። ዊንዶውስና አፕዴቱ ከገቡበት በኋላ ለአንተ የሚተርፍህ ትንሽ ነው፣ ሲሞላም ይታነቃል። የትኛውም ቢሆን ከአምስት እጅ አንዱን ባዶ ተወው። ቦታህን የበላው ምን እንደሆነ ካላወቅህ የቴሌግራምን ዳውንሎድ ፎልደር ክፈት፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። ኤስኤስዲን ዲፍራግ የሚያደርግ ፕሮግራም ግን አትጫን፤ ዊንዶውስ በራሱ መንገድ ይንከባከበዋል።

12. አዲስ መሆኑን አረጋግጥ። ይህን ስነግርህ እንዳትከፋብኝ። ገበያችን ላይ ካሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው፣ ተጠርገውና ተወልውለው የመጡ ናቸው። ያገለገለ ዕቃ በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ እኔም ለብዙ ተማሪ አስገዝቻለሁ። ነውሩ "አዲስ" ተብሎ ሲሸጥ ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፤ አንተ ግን ማረጋገጫው በእጅህ ነው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደበራ ያሳይሃል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ጥቂት ሰዓት ብቻ መሆን አለበት፤ ሺህ ቤት ውስጥ ከገባ ሌላ ሰው ሠርቶበታል። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት እንደሚያሳይ አስበህ አመዛዝን። ዲስኩ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ይናገራል። ዊንዶውስ ውስጥ ባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚያውቅ ጓደኛህ ያወጣልሃል። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ስንት ጊዜ እንደተሞላም በብዙዎቹ ላይ ይቆጥራል። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ አዲስ አይደለም።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን እይ። "አይ 7 ነው" ሲሉህ ዝም ብለህ አትቀበል፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ። የኢንቴል ቁጥር በ1 ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ውሰድ፣ በሌላ ከጀመረ አንዷን ብቻ፤ ያ ትውልዱ ነው። አይ 7-4600ዩ አራተኛ ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ሁለት ኮር ያለው። አይ 3-1215ዩ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለው። ስሙ ትልቅ የሆነው አሮጌው በዚህ አዲስ ታናሹ በሰፊው ይበለጣል። ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚደግፉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው፤ ከዚያ በታች የተጫነው በጎን በር የገባ ነው። ዊንዶውስ 10 ቢሆን ይሻላል እንዳትል፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሴለሮን የሚል ካገኘህ ደግሞ ለመጻፍና ለማንበብ የተሠራ ነው። በእርግጥ አዲስ ቢሆንም ከዚያ በላይ አትጠይቀው፤ ምንም ማስተካከያ አያፈጥነውም።

13. ኢንተርኔቱን ከላፕቶፑ ለይ። ያንኑ ገጽ በስልክህ በዚያው ዋይፋይ ክፈተው። እሱም ከዘገየ ላፕቶፑን ተወውና መስመሩን ተከታተል። ስልኩ ፈጥኖ ላፕቶፑ ብቻ ከዘገየ ዋይፋይህ ሁለት ስም ያለው መሆኑን እይ፤ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው በቅርብ ርቀት ከ2.4ቱ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ሲበዛ ግን ይደክማል።

14. አጽጂ ነኝ ባይ ፕሮግራም አትጫን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። "ኮምፒውተርህ 847 ስሕተት አለበት፣ አሁኑኑ አጽዳ" እያለ የሚያስፈራራህ ሁሉ ሊሸጥልህ ወይም ሊሰልልህ ነው። የዊንዶውሱን መዝገብ እናጸዳለን የሚሉት የሚያመጡት ፍጥነት የለም፤ የሚሰብሩት ነገር ግን አለ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራምም ከዚሁ ይቆጠራል። ክራኩ እንዲሠራ መጀመሪያ የሚጠይቅህ አንቲቫይረሱን እንድታጠፋ ነው፤ በር ከፍተህ ማን እንደሚገባ አታውቅም። ከኋላ ሆኖ ፕሮሰሰርህን ለሌላ ሰው ሥራ የሚያሠራ ፕሮግራም የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ክራክ ከተደረገ ኦፊስ ይልቅ በነፃ የሚሠራ ሊብሬ ኦፊስ አለ፤ እሱን ተጠቀም።

15. ድራይቨሩን አሟላ፣ ባዮሱን ግን አክብር። ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ "ኦፕሽናል አፕዴትስ" በሚለው ሥር የቀረ ድራይቨር ካለ ጫን። የግራፊክስ ድራይቨር የሌለው ላፕቶፕ ቪዲዮ ሲያሳይ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅበታል። ሌላውን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርድ፤ "ድራይቨር ፈላጊ" ከሚሉት ራቅ። ባዮስን፣ ማለት ላፕቶፑን ከዊንዶውስ በፊት የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ አፕዴት ስታደርግ ባትሪው ሙሉ፣ ቻርጀሩም የተሰካ ይሁን። በመሀል ከጠፋ ላፕቶፑ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ቀን አትሞክረው።

16. ፎርማት የመጨረሻው ይሁን። ጥገና ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የሚሉህ "ፎርማት እናድርገው" ነው፤ ለእነሱ ቀላል ነውና። የኤችዲዲንም ሆነ የራም እጥረትን ግን ፎርማት አያድንም። ከላይ ያለውን ሁሉ አይተህ ጥፋቱ ዊንዶውሱ ላይ መሆኑን ካረጋገጥህ አድርገው። በመጀመሪያ ፋይልህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ቀጥሎ፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንትህ አውጥተህ ጻፍ፤ ያለሱ ፋይልህ አይከፈትም። ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ራሱ በ8 ጊጋ ፍላሽ አዘጋጅ፤ ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ፍላሽ አትቀበል። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ጋር የመጣ ላፕቶፕ ፈቃዱ ቦርዱ ላይ ተቀምጧል፤ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ ስትጭንበትና ኢንተርኔት ስታገናኘው ራሱ ይከፈታል። "አክቲቬት አድርግ" እያለ ከጠየቀህ ወይ የተጫነው ዓይነት ተሳስቷል፣ ወይ የሻጩን ቃል እንደገና መርምር።

17. መመለስ ካለብህ በጊዜ መልስ። ፋኑ እየዞረ፣ ቻርጀሩ ትክክለኛ ሆኖ፣ አፕዴቱ ተጠናቆ፣ ራሙም በቂ ሆኖ አሁንም የሚንገዳገድ አዲስ ላፕቶፕ ጉድለት ሳይኖርበት አይቀርም። ወይም 12ኛው ላይ ያልተነገረህን አግኝተህ ይሆናል። ያን ጊዜ ብሎኑን አትፍታ፤ የተፈታ ዕቃ አንቀበልም የሚል ሻጭ ብዙ ነው። የታስክ ማናጀሩን፣ የዲስኩን ሰዓትና የባትሪውን ሪፖርት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ድምፅህን ሳታነሳ ሻጩን በማስረጃ አነጋግረው። አብዛኛው ነጋዴ ፎቶውን ሲያይ ይለሰልሳል። እምቢ ካለም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ የቆመ ነው፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብህን ለማስመለስ መጠየቅ መብትህ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ደረሰኝ ሲኖርህና ሳትዘገይ ስትሄድ ነው። ምርመራውን በዚህ ሳምንት ጨርስ፤ ደረሰኙንም ካርቶኑ ውስጥ ተረስቶ ከመጣሉ በፊት ዛሬ ማታ ፈልገህ አስቀምጥ።